አማቴን ይዤ ሐይቅ ለሐይቅ

ቆርጦ የተነሳ ሰው እንዴት መሳቂያ እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ፣ አማቱን መኪና ውስጥ አስገብቶ ምስጢር ይጠብቅ። እኔ ጠብቄያለሁ። መጠበቄን ከመጀመሪያው ልናገር፤ በኋላ ስትሰሙ «ይሄ ደግሞ ምኑን ጠበቀው?» እንዳትሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የሰናይት እናት፣ እማማ ወርቅነሽ፣ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ዘይት ወደ ሴንት ፖል የመጡት በጥር ነው። በጥር ወር ሚኒሶታ የሚመጣ ሰው ወይ የማያውቅ ነው፣ ወይ እናት ነው። እሳቸው እናት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሐምሌ ድረስ ሥራቸው ሕፃኑን ማጠብ፣ ሰናይትን ገንፎ ማብላትና እኔን በዓይን መገሠጽ ነበር። ከቤት የሚወጡት እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ብቻ ነው።

በየቅዳሜው ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ካሳ በቫይበር ይደውሉላቸዋል። አባትና እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ፣ እማማ ወርቅነሽን ያሳደጉት ጋሽ ካሳ ናቸው። ገና ሰላምታ ሳያልቅ «እህሳ ወርቄ፣ ምን አየሽ?» ይላሉ። እማማም «በረዶና ጣሪያ» ብለው ይመልሳሉ። በሰኔ ደግሞ «ምን አየሽ?» ሲሏቸው «ጣሪያ፤ በረዶው እንኳ ጥሎኝ ሄደ» አሏቸው። ጋሽ ካሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ጣሪያ አይተሽ ብትመጪ ደብረ ዘይት አላስገባሽም!» ሲሉ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ካሳ ሞቱ። ልባቸው ነው አሉ።

ጋሽ ካሳን እወዳቸው ነበር። ሰናይትን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሲያመነታ፣ «ልጁ ወሬ ያበዛል እንጂ ክፋት የለውም፤ ስጡት» ብለው ነገሩን የቋጩልኝ እሳቸው ናቸው። ጋራዥ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ፤ ምክንያቱም እማማ ገና አልሰሙም።

መርዶ እንደ ፒዛ በስልክ አይመጣም። ሥርዓት አለው። ባለ ሐዘኑ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነው የሚነግሩት። ሰናይትና እኔ ወደ እድራችን ሊቀመንበር ወደ ጋሽ መኮንን ደወልን። ጋሽ መኮንን ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ መጥተው መኪናቸው ውስጥ ስብሰባ አደረግን። የእማማ ሌላዋ ልጅ አልማዝ ከሲያትል የምትደርሰው ቅዳሜ ምሽት ነው። እሷ ሳትኖር አይነገርም። ስለዚህ መርዶው እሑድ ንጋት ላይ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ የእድሩ ሴቶች ቤታችን ገብተው ሊያበስሉ ነው፤ ወንበርም ይመጣል። እማማ ቤት ሊውሉ አይችሉም።

«ቅዳሜን ይዟቸው የሚውል ሰው እንፈልጋለን» አሉ ጋሽ መኮንን። ሰናይት እኔን አየችኝ። ጋሽ መኮንንም እኔን አዩኝ። እኔም ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ የኋላ ወንበር ላይ ሰው አልነበረም።

«ስማ» አሉኝ ጋሽ መኮንን፣ «ስልካቸውን ዝጋ። ሐበሻ ወደሌለበት ውሰዳቸው፤ አንዱ አፉን ከፍቶ ነፍስ ይማር ካላቸው ጉዳችን ነው። መንገድ ላይ፣ ያለ ሰው፣ ያለ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ። ደግሞ አብላቸው። ከእሑድ ወዲያ እህል አይቀምሱም። ትችላለህ?»

«እችላለሁ!» አልኩ። እኔ አንዴ እችላለሁ ካልኩ አለቀ። ሰናይት ይህን ስለምታውቅ ነው መሰለኝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

የት ልውሰዳቸው? ሐበሻ የሌለበት ቦታ በሚኒሶታ ቀላል አይደለም። ሆስፒታል ብትሄዱ አለ፤ ፓርኪንግ ብትሄዱ ትኬቱን የሚሰጣችሁ እሱ ነው። ግን መፍትሔውን ሥራ ላይ አገኘሁት። እኔ አዛውንቶችን በቫን ከቤታቸው ወደ ቀን መዋያ አመላልሳለሁ። ከዉድበሪ የማነሳቸው አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት አሉ። መንገዱን ሙሉ የሚያወሩኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአገራቸው ገጠር ስላሉት የባሕር ዳር ትንንሽ ከተሞች። አንድ ቀን ሙሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየነዱ ይውሉ ነበር አሉ። በአንዱ ሻይ ይጠጣል፣ በአንዱ ዓሣ ይበላል፣ በአንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ይታያል። «ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?» ብላቸው «ምንም» አሉኝ በኩራት። ምንም ላለማድረግ ቤንዚን ማቃጠል ያኔ ነው የገባኝ።

«እዚህ ባሕር ባይኖርም ፔፒን ሐይቅ አለ» አሉኝ ዓርብ ዕለት። ሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ ሐይቅ የሆነበት ቦታ ነው፤ በዙሪያው የአገራቸውን የሚመስሉ ከተሞች አሉ። ሬድ ዊንግ፣ ሌክ ሲቲ፣ ፔፒን፣ ስቶክሆልም። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። «ሐበሻ አለ?»

አሮጊቷ አሰቡ። «እሱ የወፍ ዓይነት ነው?» አሉኝ።

ተገላገልኩ። የለም ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ወርቅነሽ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ተዘጋጁ። ደስ ብሏቸዋል። ሰናይት ግን ዓይኗ አብጧል። ከሐሙስ ጀምሮ «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» እያለች ነው የምትውለው። እናቷን ስትስም ረጅም ጊዜ ያዘቻቸው፤ እኔ መሐል ገብቼ «ሕፃኑ እያለቀሰ ነው» አልኩ። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር።

ስንወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ። ጋሽ መኮንን እኛ ከሄድን በኋላ እንዲመጡ ነበር የተነጋገርነው፤ እሳቸው ግን ሰዓት ማክበር የጀመሩት በዚያች ቀን ነው። ፍሮግታውን ካለው ቤታችን ገና ከመታጠፋችን፣ ቫናቸው እስከ ጣሪያው ታጣፊ ወንበር ጭና መንገድ ዳር ቆማለች። እኛን ሲያዩ ከመሪው ሥር ጎንበስ አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት የእድር አባላትም ጎንበስ አሉ።

«እማማ! ያቺን ወፍ አዩዋት?» ብዬ በሌላው በኩል ጠቆምኩ።

«የቷን?»

«በረረች።»

«እህ» አሉ እማማ። ከዚያ ፊት ለፊት ማየት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ስለ እኔና ስለ አማቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ተከባብረን ነው የምንኖረው፤ ማለትም አንነጋገርም። እሳቸው ሳሎን ሲገቡ እኔ ጋራዥ እወጣለሁ፤ እኔ ኩሽና ስገባ እሳቸው ሕፃኑ አለቀሰ ይላሉ። መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። የዚያን ቀን ግን በሩን ከፍቼ ከፊት አስቀመጥኳቸው። ቀበቶአቸውን አሰርኩ። ወገባቸውን እንዳይቆረቁራቸው ትራስ አመጣሁ። መብራት ላይ ስንቆም ብርቱካን ልጬ፣ ፍሬውን አውጥቼ፣ አጎረስኳቸው። አዎ፣ በእጄ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ፤ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል።

ሬድ ዊንግ ደረስን። የጡብ ቤቶች፣ አበባ የተንጠለጠለባቸው የመብራት ምሰሶዎች፣ ከበላይዋ ትልቅ ገደል። በሸክላ ዕቃና በቦት ጫማ የታወቀች ከተማ ናት። አንድ ቁርስ ቤት ገብተን እንቁላል፣ ድንች፣ ፓንኬክ አዘዝኩ።

«ቁርስ በልቼ ነው የወጣሁት እኮ» አሉ እማማ።

«ይድገሙ።»

«ሆዴ አንድ ነው ልጄ።»

«ለእኔ ሲሉ!» አልኩ። ለእኔ ሲሉ በሉ። ቆርጫለሁ አልኳችሁ።

ሲጨርሱ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጋሼ ይደውላል። ይቺ ስልክ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?»

ጥሪ እንዳይገባባት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያደረግኋት እኔ ነኝ። «እማማ፣ ገጠር እኮ ነን። እዚህ ኔትወርክ የለም።»

ያን ጊዜ ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት ፈረንጅ ስልኳን ፓንኬኩ ላይ አቁማ፣ ሌላ አገር ካለ የልጅ ልጇ ጋር በቪዲዮ ትሳሳቃለች። ሕፃኑ እጁን ሲያወዛውዝ እኛም ይታየናል።

«እሷስ?» አሉ እማማ።

«የእሷ ስልክ ሌላ ነው።»

እማማ ስልካቸውን ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ቅዳሜን ከቅዳሜ እየጠበቁ ነበር የኖሩት፤ የዛሬው ጥሪ እንደማይመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ፓንኬክ ላዝዝ ስል እጄን ያዙኝ።

ሌክ ሲቲ ላይ ሐይቁ ተዘረጋ። ነጫጭ ሸራ የዘረጉ ጀልባዎች ይንሳፈፋሉ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው አዩት። «ከሆራ ይበልጣል?» አሉኝ። ሆራ የደብረ ዘይቱ ሐይቅ ነው፤ የጋሽ ካሳ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። «ይበልጣል» አልኩ። «ለጋሼ እንዳትነግረው፤ ሆራን የሚበልጥ ሐይቅ አለ ካልከው ይጣላሃል» ብለው ፈገግ አሉ።

ፈገግታቸውን እያየሁ ሳለ ነው ማዶ ያለውን ሰውዬ ያየሁት። ነዳጅ ማደያው ጋ፣ አንድ እጁን ከወገቡ ኋላ አድርጎ፣ በሌላው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ የቆመ። ሐበሻ ከሩቅ በአቋቋሙ ይታወቃል። ቀረብ ሲል ደግሞ ባሰብኝ፤ ደረጀ ነው፤ የሰበካችን ትረክ ነጂ። የእንግሊዛዊቷን አሮጊት ወፍ አገኘሁት! ደረጀ ደግ ሰው ነው፤ ግን ለሚስቱ የልደት ድግስ በድብቅ ሲዘጋጅ፣ ራሱ ደውሎ «ማታ ሰርፕራይዝ ስላለሽ ቶሎ ነይ» ያላት ሰው ነው።

የእማማን ክንድ ይዤ አጠገባችን ወዳለው ሱቅ ገባሁ። ሱቁ የሚሸጠው የእንጨት ዳክዬ ብቻ ነው። ትልቅ ዳክዬ፣ ትንሽ ዳክዬ፣ አንገቷን ያዞረች ዳክዬ።

«እንጨት ነው?» አሉ እማማ አንዷን አንስተው።

«ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

«ሰው ለምን ይገዛዋል ታዲያ?»

ልመልስ ስል የበሩ ቃጭል ጮኸ። «ኧረ የኔ ወንድም! ከመስኮት አይቼህ ነው እኮ!» ደረጀ ነው። ከኋላዬ እማማን ሲያይ ፊቱ እንደ መብራት ጠፋ። ኮፍያውን አወለቀ። ቀርቦ ሁለት እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «እማማ ወርቅነሽ…» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «እማማ… እግዜር ያ…»

እግሩን ረገጥኩት። በሙሉ ክብደቴ።

«…ያሳድግልዎት!» አለ ደረጀ እየጮኸ። «ሕፃኑን! እግዜር ያሳድግልዎት!»

«አሜን» አሉ እማማ።

እጃቸውን ግን አልለቀቀም። ይዞ ቆመ። ዓይኑ ሞላ። እማማ ቀና ብለው አዩት። እኔ «አለርጂ አለበት፤ ሐምሌ ላይ ይብስበታል» አልኩ። ደረጀ ራሱን እየነቀነቀ ወደ በሩ አፈገፈገ፤ ሲወጣ በጀርባው ሦስት ዳክዬ ጣለ። ባለ ሱቋ መጥታ ስታነሳ እኔ በሁለት ቋንቋ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አሉ እማማ፣ ዳክዬዋን ወደ ቦታዋ እየመለሱ።

ዋባሻ ላይ የሚሲሲፒን ድልድይ ተሻግረን ዊስኮንሲን ገባን። እኔ ልቤ ተደላደለ። ሌላ ስቴት ነው፤ እድራችን እንኳ እስከዚህ አይደርስም። በመንገድ ላይ አይስክሬም አበላኋቸው። ብስኩት ሰጠኋቸው። «ደከመዎት?» «በረደዎት?» «ሞቀዎት?» እያልኩ ፔፒን ደረስን።

ፔፒን ትንሽ ወደብ ያላት፣ ጀልባዎቿ ታስረው የሚያንቀላፉባት መንደር ናት። ውሃው ዳር አግዳሚ ወንበር አገኘንና ተቀመጥን። ወንበሩ ጀርባ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ እጀታው ላይ የደረቀ የአበባ እቅፍ ታስሯል። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ዘንጉን ዘርግቶ ዓሣ ያጠምዳል።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ ሰሌዳውን በጣታቸው እየነኩ።

አነበብኩት። ይህን ውሃ ይወድ ለነበረ አባትና ወንድም መታሰቢያ ነው። የሚወዱት ሁሉ ናቸው ያቆሙለት። ወንድም የምትለዋን ቃል ሳይ ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ቀን ከአፌ የሞት ወሬ እንዳይወጣ ቆርጬያለሁ፤ ፈረንጅም ቢሆን፣ የማላውቀውም ቢሆን።

«ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው ይላል።»

እማማ ወደ ሽማግሌው አዩ። ሽማግሌው በዚያች ቅጽበት አንድ ወፍራም ዓሣ እያወጣ ነው።

«ይሄስ?»

«እ… ማንበብ አይችል ይሆናል።»

ሽማግሌው ከጉልበቱ ላይ ጋዜጣውን አንስቶ ዓሣውን ጠቀለለበት። እኔ ወደ ቦርሳዬ ጎንበስ አልኩ። «ሙዝ ልላጥልዎት?»

«አስቀምጠው» አሉ እማማ። ውሃውን እያዩ ነው። «ጋሼ ነው፣ አይደል?»

«የትኛው ጋሼ?»

«ስንት ጋሼ አለኝ?»

ወሬ ያበዛል የተባልኩት ሰው ሙዙን መላጥ ጀመርኩ።

«ሰናይት ከሐሙስ ጀምሮ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ወጥ ግን አልቀመስኩም» አሉ ቀስ ብለው። «መኮንን ወንበር ጭኖ መንገድ ዳር አጎንብሷል፤ መላጣው ይታያል። ያ ልጅ እጄን ይዞ አልቅሷል። እዚህ ወንበር ላይ ደግሞ አበባ ታስሯል፤ ለዓሣ አበባ አይታሰርም። ይሄ ሁሉ ባይኖር እንኳ…» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ብርቱካን ልጠህ አጉርሰኸኛል። ሰው ካልሞተብኝ በቀር እንዲህ አትወደኝም።»

ልምል ነበር። እውነቴን ነው፤ አፌን ከፍቼ «በፍጹም» ልል ነበር። የወጣው ግን ለቅሶ ነው። በሰው አገር፣ በቀትር፣ ሙዝ ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ዓሣ አጥማጁ ዕቃውን ሰብስቦ ራቅ አለ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። አጽናኝ የተባልኩት እኔ፣ የምጽናናውም እኔ።

«አንተን ብለው ምስጢር አስያዙ!» አሉ። የእሳቸው ዓይን ደርቋል። ነጠላቸውን መለስ አድርገው «አትንገረኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«በአፍህ አትንገረኝ። እኔ ጠየቅሁ፣ አንተ አልመለስክልኝም፤ በቃ። ነገ ሽማግሌዎቹ ይነግሩኛል። አልማዝም ትድረስ። በወግ በወጉ ይሁን፤ ጋሼ ወግ ይወዳል።» «ዛሬ ጋሼ አልሞተም። ነገ ጠዋት ነው የሚሞተው።»

«እሺ እማማ። እንመለስ?»

«ስንት ከተማ ቀረን?»

«ስቶክሆልም ቀርቶናል፤ ግን ግድ የለም…»

«ምን ግድ የለም! ምን አየሽ ሲለኝ ምን ልለው ነው? ጣሪያ? ተነስ፣ ንዳ።»

ቆርጦ መነሳት ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የእኔው ጭራሽ የልጅ ጨዋታ ነበር።

ስቶክሆልም እግር ዘርግቶ የተኛ ሰው ሊሸፍናት የሚችል መንደር ናት። ለስሟ የማትበቃ፣ ለዓይን የምትበቃ። ጣፋጭ ፓይ የሚጋገርባት ቤት አለች፤ ሰው በሰልፍ ቆሟል። እማማ ተሰለፉ። የፖም ፓይ ቀረበላቸው፤ አንዴ ቆም እያሉ፣ አንዴ እየዋጡ፣ እንባቸው ሊመጣ ሲል ሹካቸውን እየጨበጡ እስከ መጨረሻው በሉ። እኔ አልለመንኳቸውም። እሳቸው ናቸው የጨረሱት።

ከዚያ በእግር አዞሩኝ። ያዩትን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ይሄ የምን ቤት ነው፣ ይሄ የምን ዛፍ ነው፣ ይቺ ሴትዮ ለምን ለውሻዋ ጫማ አደረገችላት? መዋሸት ስላቆምኩ ሁሉንም በትክክል ተረጎምኩ፤ የማላውቀውን ሰው ጠይቄ ነገርኳቸው። ሐይቁ ዳር የመታሰቢያ ወንበሮች ስናገኝ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እሳቸውም በእያንዳንዱ ፊት ቆመው «ነፍሱን በገነት ያኑርለት» ይሉና ሰሌዳውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ያልፋሉ። ማን እንደሆነ የማያውቁትን ፈረንጅ ሁሉ ለቅሶ ደረሱ። ሰዉ ያየናል። ይየን!

ከመንደሩ ወጣ ብለን ከፍ ያለ ቦታ ላይ መኪናውን ፓርክ አስደረጉኝ። ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ጀልባዎቹ ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነው። «ሆራን ይበልጣል» አሉ እማማ። «ይጣላኝ እንጂ እነግረዋለሁ።»

ስንመለስ እሳቸው ከፊት ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ጉድጓድ እየሸሸሁ ነዳሁ። ካገባሁ ጀምሮ አማቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኋቸው ያን ቀን ይመስለኛል፤ ደግሞም እወዳቸዋለሁ፤ ሰው ባይሞትባቸውም።

ቤት ስንደርስ ሁሉም ነገር «ምንም የለም» እንዲል ተደርጎ ተደብቋል። ድስቶቹ ምድር ቤት፣ ወንበሮቹ ሻወር ቤት፣ ከመጋረጃው ኋላ። እማማ እጃቸውን ሊታጠቡ ሻወር ቤት ገቡ። ሰናይት ነፍሷ ወጣ። እማማ ታጥበው ወጡ፤ ስለ ወንበር አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ፎጣው ጥሩ ይሸታል» ብቻ አሉ።

አልማዝ መጣች፤ «በድንገት ናፍቃችሁኝ ነው» አለች። እማማ «እንኳን ናፈቅንሽ» ብለው ሳሟት። እራት በሉ፤ የሰናይትን ራስ ዳስሰው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። «አላወቁም አይደል?»

«አላወቁም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጋሽ መኮንን፣ እኔ እችላለሁ ካልኩ እችላለሁ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሳሎኑ በነጠላ ሞላ። ወንበሮቹ ተደርድረዋል። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጥተው ተቀመጡ። ጋሽ መኮንን ቆመው ጀመሩ፤ ከአዳም ጀመሩ። ሰው ከአፈር እንደተፈጠረ፣ ሞት የማይቀር ዕዳ እንደሆነ፣ እገሌም እንዳልቀረ፣ እገሊትም እንዳልቀረች። ሰው ሁሉ በቶሎ ቢጨርሱ ደስ ባለው፤ እማማ ግን አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻዋ ቃል ታግሠው ሰሟቸው። ወግ በወጉ። «…ወንድምዎ ጋሽ ካሳ አርፈዋል» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ እማማ ያስመስላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ለሽማግሌዎቹ ክብር ሲሉ ደንግጠው ይጮሃሉ ብዬ። የወጣው ድምፅ ግን የማስመሰል አልነበረም። «ጋሼ!» አሉ። ከትናንት ጀምሮ በጉሮሯቸው ይዘውት ያደሩት ነው፤ ጋሽ ካሳ የሞቱት በእውነት ያን ጠዋት ነው። ልጆቻቸው ደረታቸው ላይ ወደቁ። ሴቶቹ ተቀበሉ። እማማ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ፣ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ፤

«ጀልባው ነጭ ለብሶ ውሃው ላይ ሲሄድ፣
ለማን ልናገር ነው ያየሁትን ጉድ?

ስቶክሆልም ገብቼ በልቼ ስወጣ፣
ምን አየሽ የሚለኝ ጋሼን ማን ያምጣ?

ከሆራ የሚበልጥ ሐይቅ አይቻለሁ፣
ተነስና ተጣላኝ፣ እጠብቅሃለሁ።»

አልማዝ አለቀሰች። ሰናይት አለቀሰች። በር ላይ የቆመው ደረጀ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ከተቀመጡት ሴቶች ሁለቱ ግን እንባቸውን እየጠረጉ ተያዩ። «ስቶክሆልም አሉ?» አለች አንዷ። «ስዊድን ነው» አለች ሌላዋ። «መቼ ሄደው መጡ?»

ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «አንተ፣ ትናንት የት ነው ይዘሃቸው የዋልከው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ማዶ እማማ ወርቅነሽ ከነጠላቸው ሥር ቀና ብለው አዩኝ። እኔም እንባዬን ጠረግኩና ለጋሽ መኮንን «ምስጢር ነው» አልኳቸው።